በደመወዛቸው የተናገሩ ሰዎች፦ የቦሊቪያ ማዕድን ቆፋሪዎች ሬዲዮና የእኛ ጥያቄ

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይላሉ አበው። በአገራችን ስለ ማኅበረሰብ ሬዲዮ ሲነሣ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከፈቃድ ነው። ማን ፈቃድ አገኘ፣ ማን ተከለከለ፣ የትኛው ጣቢያ ማሰራጫውን ከየትኛው ድርጅት በእርዳታ ተቀበለ እንላለን። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ከእነርሱ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ። አንድ ሬዲዮ «የማኅበረሰብ» የሚሰኘው በምንድን ነው? ሕግ እንዲያ ብሎ ስለጠራው ነው? ጣቢያው በወረዳ ከተማ ውስጥ ስለተተከለ ነው? ወይስ በአካባቢው ቋንቋ ስለሚናገር?

ለዚህ ጥያቄ ከአዋጅ ይልቅ ታሪክ የተሻለ መልስ አለው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አንባቢን ወደ ሩቅ አገር፣ ወደ ደቡብ አሜሪካዋ ቦሊቪያ እወስዳለሁ። የቦሊቪያን ታሪክ ዘመን በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ቆርቆሮና ባለቤቶቹ

ቦሊቪያ እንደ ዛሬዋ ኢትዮጵያ የባሕር በር የሌላት፣ እንደ ኢትዮጵያም የተራራ አገር ናት። በሃያኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ኑሮዋ የተንጠለጠለው በአንድ ማዕድን፣ በቆርቆሮ ላይ ነበር። ቆርቆሮ ስል ጣሪያ የምናለብሰውን ማለቴ አይደለም፤ የምግብ ጣሳ የሚለበጥበትንና ለብየዳ የሚያገለግለውን ማዕድን ማለቴ ነው። የዚህ ሀብት ጌቶች ሦስት ነበሩ፤ ፓቲኞ፣ ሆክሺልድና አራማዮ። አገሪቱ በስም ሪፐብሊክ ብትሆንም በግብር የእነዚህ ሦስት ኩባንያዎች ርስት ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቆፋሪው ከባሕር ጠለል በላይ አራት ሺህ ሜትር ገደማ በሆነ ብርዳም አምባ ላይ ይኖራል፤ የሚሠራው ከመሬት በታች ነው። የሚኖርባት ክፍል የኩባንያው ናት፤ ዳቦና ሥጋ የሚገዛበት መደብርም የኩባንያው ነው። የድንጋዩ ብናኝ ሳንባውን በልቶ ሲገድለው ሚስቱና ልጆቹ ያችን ክፍል ለቅቀው እንዲወጡ ይገደዳሉ። ኩባንያው የማይቆጣጠረው ነገር ቢኖር ሠራተኛው ለሠራተኛው በሹክሹክታ የሚናገረውን ብቻ ነበር።

ዲሴምበር 21 ቀን 1942 ካታቪ በተባለው የማዕድን ሰፈር ደመወዝ ይጨመርልን ብለው በተሰለፉ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ ወታደሮች ተኮሱ። ከሞቱት አንዷ ማሪያ ባርሶላ የተባለች ሴት ነበረች፤ ስሟ ከዚያ በኋላ የቆፋሪዎቹ ትግል ምልክት ሆነ። ያን ቀን ዓለም አልሰማም፤ የአገሪቱም ሕዝብ የሰማው የጌቶቹ ጋዜጦች የጻፉትን ነበር። ቆፋሪዎቹ ከዚህ አንድ ትምህርት ቀሰሙ። የተገደለ ሰው የራሱን አሟሟት የሚናገርበት መንገድ ከሌለው፣ ገዳዩ ይናገርለታል።

የአንድ ቀን ደመወዝ

የመጀመሪያዎቹ የማዕድን ሰፈር ሬዲዮዎች በ1940ዎቹ መጨረሻ ብቅ አሉ። በአፕሪል 1952 የፈነዳው አብዮት የሦስቱን ጌቶች አገዛዝ ሲያፈርስና በዚያው ዓመት ኦክቶበር ማዕድናቱ የመንግሥት ሲሆኑ፣ ጣቢያዎቹ እንደ እንጉዳይ ፈሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቁጥራቸው ሃያ ስድስት ያህል ደርሶ ነበር። ከመካከላቸው አንዱ «የማዕድን ቆፋሪው ድምፅ» ተባለ። በካታቪ የተተከለው ደግሞ ስሙን ከዚያ የደም ቀን ወሰደና «ዲሴምበር 21» ተሰኘ። ጣቢያውን በስሙ የጠራ ሁሉ ሳያስበው ሙታኑን ያስታውስ ነበር።

እዚህ ላይ ነው አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው። እነዚህን ጣቢያዎች መንግሥት አላቋቋማቸውም፤ የውጭ እርዳታም አላቆማቸውም። ያቆማቸው ቆፋሪው ከወር ደመወዙ እየቀነሰ የሚያዋጣው ገንዘብ ነበር፤ በአብዛኛው የሚነገረውም የአንድ ቀን ደመወዝ እንደነበረ ነው። ማሰራጫው፣ ማይክሮፎኑና የሸክላ ማጫወቻው የተገዛው በዚህ መዋጮ ነው። ጣቢያው የሠራተኛ ማኅበሩ ንብረት ስለነበረ፣ አስተዳዳሪው ሲያጠፋ በስብሰባ ፊት ቆሞ የሚጠየቀው ባዋጡት ሰዎች ነበር። ከአዘጋጆቹና ከአንባቢዎቹ ብዙዎቹ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጠው የማያውቁ የሰፈሩ ልጆች ነበሩ።

ታዲያ ምን ይተላለፍበት ነበር? ከሩቅ የሚያስብ ሰው ከጧት እስከ ማታ የአድማ ጥሪና የፖለቲካ ንግግር ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ጧት ቆፋሪው ወደ ጉድጓዱ ሳይወርድ ሙዚቃ ይሰማል። ከዚያ ማስታወቂያዎች ይከተላሉ። የእገሌ እናት ከገጠር መጥታለችና አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ ሄደህ ተቀበላት፤ የእገሊት ልጅ ተጠመቀ፤ እገሌ ዐረፈ፣ ቀብሩ ነገ ነው። ስልክ ብርቅ በነበረበት ሰፈር ሬዲዮው ስልክም ፖስታ ቤትም ነበር። እሑድ የሁለት ሰፈሮች የእግር ኳስ ግጥሚያ ከሜዳው ይተላለፋል። የቤት እመቤቶች በመደብሩ ስለሚሸጠው ሥጋና ስለ ዳቦው ማነስ ምሬታቸውን ይናገራሉ። ማይክሮፎኑ ወደ ገበያው፣ ወደ ትምህርት ቤቱና ወደ ጉድጓዱ አፍ ይሄዳል። ቋንቋውም እንደ ሰፈሩ ነው፤ ስፓኝኛውን ለማያውቅ በኬችዋ ወይም በአይማራ ይነገረዋል። የማኅበሩ ስብሰባ ሲካሄድ ደግሞ ክርክሩ እንዳለ፣ ከነቁጣውና ከነሳቁ፣ ቤት ለቀረው ይደርሳል።

ይህ ተራ ነገር ይመስላል፤ ተራነቱ ግን ኃይሉ ነበር። የልጅህን ጥምቀት የነገረህን፣ የእናትህን መምጣት ያበሰረህን ድምፅ ነገ «ወታደር እየመጣ ነው» ቢልህ ታምነዋለህ። በየቀኑ ስለ ራሱ እየዋሸ የኖረውን ድምፅ ግን እውነት በተናገረበት ዕለት እንኳ አታምነውም።

ሁለት የሚሲዮን ጣቢያዎች

በ1959 ሲግሎ ሃያ (ሃያኛው ክፍለ ዘመን ማለት ነው) በተባለው ትልቁ የማዕድን ሰፈር ሌላ ጣቢያ ተቋቋመ። ያቋቋሙት ከካናዳ የመጡ የኦብላት ማኅበር የካቶሊክ ካህናት ሲሆኑ፣ ስሙም በሮማው ጳጳስ ፒዮ 12ኛ ተሰየመ። ዓላማው የተሰወረ አልነበረም። በሠራተኛው መካከል የተስፋፋውን ኮሚኒዝምና ስካርን ለመዋጋት ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያ ከማኅበሩ ሬዲዮ ጋር ተፋጠጡ፤ በአንድ ሰፈር ሰማይ ላይ ሁለት ድምፆች ይሰዳደቡ ጀመር።

ነገር ግን ካህናቱ የሚኖሩት እዚያው ነበር። ሳንባው የተበላውን ቆፋሪ የሚቀብሩት፣ ከቤቷ የተባረረችውን መበለት የሚያጽናኑት እነርሱ ነበሩ። በ1965 የጄኔራል ባሪዬንቶስ ወታደራዊ መንግሥት የቆፋሪውን ደመወዝ በእጅጉ ሲቆርጥና ጦር ወደ ሰፈሮቹ ሲያዘምት የዓይን ምስክር ሆኑ። ሊያስተምሩት የመጡትን ሕዝብ መስማት ጀመሩ፤ ሲሰሙም ተለወጡ። ኮሚኒዝምን ሊዋጋ የተተከለው ሬዲዮ ፒዮ 12ኛ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሠራተኛው ጎን ቆመ፤ በዚህም ምክንያት እንደ ሌሎቹ የወታደር ዱላ ቀመሰ።

ይህን ሳነብ የእኛው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ትዝ ይለኛል። በየካቲት 1955 ዓ.ም. በሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አማካይነት አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው ይህ ጣቢያ በዘመኑ በአፍሪካ ከነበሩት ኃያላን ማሰራጫዎች አንዱ ነበረው፤ ከስብከት ባሻገር ዜናና ትምህርት በበርካታ ቋንቋዎች ያስተላልፍ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. ደርግ ወረሰውና «የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ» ብሎ ሰየመው። ለሁለቱ ጣቢያዎች የተለያየ ዕጣ አንዱ ምክንያት የየአገራቱ ወታደሮች ጭካኔ መበላለጥ ነው ሊባል ይችላል። እኔ ግን ሌላም ይታየኛል። የእኛው ጣቢያ አንጋፋ ነበር፤ አድማጮቹም ይወዱት ነበር፤ ነገር ግን አድማጩ ባለቤቱ አልነበረም። የሚወዱትን ነገር ሲወሰድ ያዝናሉ፤ የራስን ንብረት ሲወሰድ ግን ደጃፍ ላይ ይቆማሉ።

የቅዱስ ዮሐንስ ሌሊት

ደጃፍ ላይ መቆም ምን እንደሚያስከፍል ሲግሎ ሃያ በጁን 1967 አየው። የቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ በቦሊቪያ እንደ እኛ ቡሄ የእሳት በዓል ነው። ቤተሰብ በየደጁ እንጨት አንድዶ፣ ሙዚቃ እያሰማና እየጠጣ ብርዱን ሌሊት ያነጋል። በዚያው ሰሞን ማኅበሮቹ ትልቅ ጉባኤ ጠርተው ነበር፤ በደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ቼ ጉቬራ የሽምቅ ውጊያ ጀምሯል። መንግሥት ሁለቱ እንዳይገናኙ ሠጋ። ጁን 24 ጎሕ ሲቀድ፣ እሳቱ ሲከስምና ሰዉ ሲደክም ወታደሮች ሰፈሩን ከበው ተኮሱ። ርችት የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ። ሮሴንዶ ጋርሲያ ማይስማን የተባለው የማኅበር መሪ የማኅበሩን ቤትና በውስጡ ያለውን ሬዲዮ ሲከላከል ወደቀ። የሟቾቹ ቁጥር ሃያ ያህል እንደነበረ በተለምዶ ይጠቀሳል፤ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል የሚሉም አሉ።

የዚህ ጊዜ ግን እንደ 1942ቱ ተቀብሮ አልቀረም። ሰፈሩ መናገር ለምዶ ነበርና። በ1971 የፊልም ባለሙያው ሆርሔ ሳንሒኔስ ከእልቂቱ የተረፉትን ሰዎች ራሳቸውን አሰልፎ የዚያን ሌሊት ታሪክ በፊልም ቀረጸ። ወታደሮቹ ጣቢያዎቹን በየጊዜው ዘጉ፣ ዕቃቸውን ሰባበሩ፤ ቆፋሪዎቹ እንደገና አዋጥተው ገዙ። ደመወዝ እስካለ ድረስ ሬዲዮ ነበረ።

ከነዚህ ሰፈሮች የወጣችው ዝነኛዋ ድምፅ የሴት ናት። ወይዘሮ ዶሚቲላ ባሪዮስ ደ ቹንጋራ የሲግሎ ሃያ የቤት እመቤቶች ኮሚቴ መሪ ነበሩ። የቆፋሪ ሚስት፣ የብዙ ልጆች እናት ናቸው። በ1975 ሜክሲኮ ከተማ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሴቶች ዓመት ጉባኤ ተገኝተው፣ የተማሩትና ባለጸጎቹ ሴቶች ስለ ሴትነት ሲናገሩ እርሳቸው ስለ ዳቦ፣ ስለ ደመወዝና ስለ እስር ተናገሩ። በ1977 በመጽሐፍ የወጣው ምስክርነታቸው ርእሱ «እንድናገር ከፈቀዱልኝ» የሚል ትርጉም አለው። ርእሱ ትሑት ነው፤ በውስጡ ያለው ግን ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ አይደለም። በዚያው ዓመት በዲሴምበር መጨረሻ አራት የቆፋሪ ሚስቶች ልጆቻቸውን ይዘው ላ ፓዝ ላይ የረኀብ አድማ ጀመሩ። የታሰሩት ይፈቱ፣ የተባረሩት ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር ጥያቄያቸው። ወይዘሮ ዶሚቲላም ተቀላቀሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሺህ በላይ ሰዎች ተከተሏቸው፤ የጄኔራል ባንሰር መንግሥትም በጃንዋሪ 1978 ምሕረት ለማወጅ ተገደደ። በየሬዲዮው ስለ ዳቦ ማነስ መናገር የለመዱ ሴቶች ስለ አገር መናገር አልከበዳቸውም።

የመጨረሻው ስርጭት

ጁላይ 17 ቀን 1980 ጄኔራል ጋርሲያ ሜሳ መንግሥት ገለበጠ። በላ ፓዝ የሠራተኞች ማዕከላዊ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ተወረረ፤ ታዋቂው ፖለቲከኛ ማርሴሎ ኪሮጋ ሳንታ ክሩስ ተገደለ፤ የከተማው ሬዲዮዎች በወታደር እጅ ገቡ። ይህን ጊዜ የማዕድን ሰፈሮቹ ጣቢያዎች አንዱ የሌላውን ስርጭት እየተቀባበሉ «የዴሞክራሲ ሰንሰለት» ብለው በሰየሙት አንድ ድምፅ ተያያዙ። ለቀናት የአገሪቱ ሕዝብ የመፈንቅለ መንግሥቱን እውነት የሰማው ከእነርሱ ነው። ጦሩ ሰፈር በሰፈር እየገፋ ሲመጣ ጣቢያዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሬዲዮ አኒማስ ወታደሮቹ የት እንደደረሱ ለአድማጭ እየነገረ ነበር ድምፁ የተቋረጠው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ የሰማዕታት ታሪክ በሆነና ሻማ አብርተን በዘጋነው ነበር። ግን አላበቃም። በ1982 ወታደሮቹ ለቀቁ፤ ጣቢያዎቹም ተመለሱ። ጠብመንጃ ያልቻለውን የቻለው ሌላ ነገር ነው። በኦገስት 1985 መንግሥት ቁጥሩ 21060 በሆነ አንድ ድንጋጌ ኢኮኖሚውን ለገበያ ከፈተና የመንግሥት ሠራተኞችን ለማሰናበት በሩን ከፈተ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የቆርቆሮ ዋጋ በዓለም ገበያ ወደቀ። የመንግሥቱ የማዕድን ድርጅት ከሃያ ሺህ በላይ ሠራተኞችን አሰናበተ፤ መባረራቸውም «ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር» የሚል ጨዋ ስም ተሰጠው። በኦገስት 1986 ቆፋሪዎቹ ከነቤተሰቦቻቸው በእግር ወደ ዋና ከተማው ተጓዙ፤ ጦር መንገድ ላይ አግዶ መለሳቸው። ከፊሎቹ ኤል አልቶ በተባለችው የከተማ ዳርቻ ሰፈሩ፤ ከፊሎቹ ወደ ቆላው ወርደው ኮካ ተከሉ። ደመወዝ ሲቆም መዋጮው ቆመ፤ መዋጮው ሲቆም ሬዲዮው ዝም አለ። አብዛኞቹ ጣቢያዎች በዚህ መንገድ ጠፉ። ሬዲዮ ፒዮ 12ኛ ከብዙዎቹ በኋላ ለመቀጠል የቻለው ከማዕድኑ ደመወዝ ውጭ ሌላ ድጋፍ ስለነበረው ነው።

ስለ እኛ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እወስዳለሁ። አንደኛው፦ ጣቢያው የማን እንደሆነ የሚታወቀው ማን እንደሚከፍልና ማን ተጠያቂ እንደሚያደርግ በማየት ነው። ሁለተኛው፦ ሬዲዮ በክፉ ቀን የሚታመነው በደህና ቀን ስለ ተራው ኑሮ ሲናገር ከከረመ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይቆምም።

በአገራችን ሬዲዮ ከተጀመረበት ከጣሊያን ወረራ ዋዜማ አንሥቶ ለረጅም ዘመን ድምፁ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ነበር። መንግሥታት ሲለዋወጡ አንባቢው ተለወጠ እንጂ አቅጣጫው አልተለወጠም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ስርጭትን ሕዝባዊ፣ ንግዳዊና ማኅበረሰባዊ ብሎ ከፈለ፤ የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238ም ለማኅበረሰብ ሬዲዮ ቦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ በየአካባቢው ጣቢያዎች ተከፍተዋል፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የራሳቸውን ሰው በሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙ ወገኖች አሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሊናቅም አይገባውም።

ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የቆሙት በአካባቢ አስተዳደር፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በረድኤት ድርጅት ገንዘብ ነው። የረጂው ፕሮጀክት ሲያልቅ መለዋወጫ የሚገዛ ይጠፋል። አስተዳደሩ ከፋይ ሲሆን ደግሞ ስለ አስተዳደሩ ብልሹነት ማን ይናገራል? ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ክትባት፣ ስለ ጽዳት መልእክት ይተላለፋል፤ ሁሉም ጠቃሚ ነው። ነገር ግን መልእክት ማስተላለፍና መነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ለአንደበትም ይሠራል።

ይህን ስል ወቀሳው ለመንግሥት ብቻ እንዳይመስል። በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ከኪሳቸው አዋጥተው የአየር ሰዓት በመግዛት ለዓመታት ሬዲዮ አሰምተዋል፤ ከሁለቱ ነገሮች አንዱን፣ የራስ ገንዘብን፣ አሟልተዋል ማለት ነው። ነገር ግን ከዝግጅታቸው አብዛኛው ስለ ቤተ መንግሥት ነበር። የታክሲ ነጂው የሌሊት ሥራ፣ የእናቲቱ የቋንቋ ችግር፣ ከወላጁ ጋር በአማርኛ መግባባት ያቃተው ልጅ ነገር ከዕለቱ ዜና በኋላ ጊዜ ከተረፈ ብቻ የሚነሣ ነበር። ፖለቲካውን ከኑሮው ቆርጦ የሚናገር ሬዲዮ ወገን ያበዛ ይሆናል፤ ጎረቤት ግን አይፈጥርም።

«ቆፋሪው ደመወዝተኛ ነው፤ የእኛ ገበሬ ከየት አምጥቶ ያዋጣል?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የቦሊቪያም ታሪክ ራሱ በአንድ የገቢ ምንጭ ላይ መንጠልጠል እንደሚያጠፋ አሳይቷል። ሆኖም እኛ እድር ያለን ሕዝብ ነን። ድሃው ከድህነቱ ላይ በየወሩ እያዋጣ፣ ሒሳብ ያዥ እየመረጠ፣ ያጎደለውን እየጠየቀ ሙታኑን በክብር ሲቀብር ኖሯል፤ ለዚህም የማንንም ፕሮጀክት አልጠበቀም። ሙታንን ለመቅበር ይህን ያህል ሥርዓት የሠራ ሕዝብ ሕያዋን የሚነጋገሩበትን ማሰራጫ ማስተዳደር ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ሕጉ ሊያግዘው፣ ዩኒቨርሲቲው ሊያሠለጥነው፣ ረጂው የመጀመሪያውን ዕቃ ሊገዛለት ይችላል። የወሩ መዋጮ ግን፣ ትንሽም ብትሆን፣ ከአድማጩ እጅ መውጣት አለባት። አምስት ብር የከፈለ ሰው የአምስት ብር ያህል ሳይሆን የባለቤት ያህል ይናገራልና።

የቦሊቪያ ቆፋሪዎች ብዙ ነገር ተሸንፈዋል። ደመወዛቸው ተቆርጧል፣ ተገድለዋል፣ በመጨረሻም ተበትነዋል። ለአርባ ዓመት ያህል ግን ስለ እነርሱ ሌላ ሰው አልተናገረላቸውም። ይህን የገዙት በየወሩ በአንድ ቀን ላብ ነው። እኛስ ዋጋው ስንት እንደሆነ ጠይቀን እናውቃለን?